ለልጆች የሌሊት ልብስ በቤት ውስጥ ስለ መስፋት



በደጋ አገር ሌሊቱ ብርድ ነውና ልጅ ቀን የዋለበትን ልብስ እንደ ለበሰ ጋቢ ተከናንቦ መተኛቱ የተለመደ ነው። ከብት ሲጠብቅበት የዋለው፥ ላብና አመድ የጠጣው ልብስ ሌሊቱንም ከገላው ጋራ ያድራል። ሲነጋ ልጁ ያንኑ እንደ ለበሰ ይነሣል። እኛ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ስንዞር ብዙ ጊዜ የምናየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናስተምራችሁ ለልጅ የሌሊት ልብስ፥ ማለት ቢጃማ፥ በመርፌና በክር ብቻ እንዴት እንደሚሰፋ ነው።

አንድ ቀን ይህን ስናስተምር አንዲት አሮጊት፥ «ልጆቼ፥ ለቀኑ መች ተረፈንና ነው ደግሞ ለሌሊት የምንሰፋ?» አሉን። እኛም፥ «እማማ፥ የልጅዎ ልጅ ልብስ ሲታጠብ እስኪደርቅ ምን ይለብሳል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ምን ይለብሳል! ስለዚህ አይደል የማይታጠበው» ሲሉ መለሱልን። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ልጅ ልብሱ ሊታጠብለት አይችልም። የሌሊት ልብስ ያለው ግን እርሱን ለብሶ እያለ የቀኑ ይቀቀላል፤ የቀኑን ለብሶ ሲውል ደግሞ የሌሊቱ ይታጠባል። ስለዚህ የሌሊት ልብስ የሀብታም ጌጥ አይደለም፤ ከበሽታ መጠበቂያ ነው።

የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ይለያል። የራስ ቅማል በጠጉር ውስጥ ይኖራል። የልብስ ቅማል ግን የሚኖረው በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ሲሆን ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ነው። ቅጫሙንም የሚጥለው በዚያው በስፌቱ ውስጥ ነው። ቅጫሙ የገላ ሙቀት እያገኘ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ቅማሉ ከሰው ገላ ከተለየ ግን ደም አጥቶ በአንድ ሳምንት ገደማ ይሞታል።

ይህ ቅማል ተስቦንና ግርሻን ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ሻርል ኒኮል የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ፤ የተስቦ በሽተኞች ልብሳቸው ወልቆ ገላቸው ከታጠበ በኋላ በሽታውን ለሌላ ሰው አያስተላልፉም ነበር፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞች ግን ይታመሙ ነበር። ከዚህም ተነሥቶ በ1909 እ.ኤ.አ. ተስቦን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን በምርመራ አረጋገጠ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚህ ጋራ አንድ ምክር እንጨምራለን። ቅማልን በጥፍር አትግደሉ። የግርሻ ተሐዋስያን ቅማሉ ሲጨፈለቅ ወጥተው በተጫረ ቆዳ ወደ ሰውነት ይገባሉ። ይልቅስ ልብሱን ቀቅሉት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለ5 ዓመት ልጅ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዲ 2 ሜትር ይበቃል። አቡጀዲ መግዛት የማይቻል እንደ ሆነ ያረጀ ግን ያልተበላ ነጠላ ደርቦ መስፋት ይቻላል። ከዚህም በቀር መርፌ፥ ክር፥ መቀስና ለወገብ የሚሆን ማሰሪያ ያስፈልጋል። ጨርቁ ኋላ እንዳይኮማተር ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። አሮጌ ነጠላ ከሆነ አስቀድሞ ይቀቀል።

አሰፋፉ

አንደኛ፤ ለሸሚዙ 1 ሜትር ቁረጡና ከላይ ወደ ታች ለሁለት እጠፉት። እጥፉ የትከሻው መስመር ይሆናል፤ በትከሻ ላይ ስፌት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፤ ልጁ ልክ የሚሆነውን ሸሚዝ በላዩ ዘርግታችሁ፥ ለስፌት ሁለት ጣት ያህል ጨምራችሁ፥ እጅጌውንና አካሉን ሳትለያዩ እንደ መስቀል አድርጋችሁ ቁረጡ። በእጥፉ መካከል የአንገቱን ቀዳዳ አውጡ፤ ራሱ እንዲገባም ከፊት በኩል በጥቂቱ ሰንጥቁት።

ሦስተኛ፤ ከእጅጌው ጫፍ ጀምራችሁ በብብቱ በኩል እስከ ታች ድረስ በሁለቱም ጎን ስፉ። በዚህ አኳኋን ሸሚዙ ሁለት ስፌት ብቻ ይኖረዋል። ስፌት ባነሰ ቁጥር የቅማል መሸሸጊያም ያንሳል።

አራተኛ፤ ለሱሪው በቀረው ጨርቅ ላይ ልጁ ልክ የሚሆነውን ሱሪ አጥፋችሁ አስቀምጡና ለያንዳንዱ እግር አንዳንድ ቁራጭ አውጡ። ከወገቡ ለማሰሪያው መግቢያ አራት ጣት ጨምሩ። እያንዳንዱን ቁራጭ አጥፋችሁ በውስጥ በኩል ብቻ ስፉ፤ ቀጥሎም ሁለቱን እግሮች ከፊት ወገብ በመቀመጫው ዞራችሁ እስከ ኋላ ወገብ አጋጥሙ።

አምስተኛ፤ ወገቡን አጥፋችሁ ማሰሪያውን አስገቡ። ማሰሪያው እንዳይወጣ ከኋላ መካከል በመርፌ ያዙት። በአንገት ላይ ግን ማናቸውንም ማሰሪያ አታድርጉ፤ ልጁ ተኝቶ ሳለ ሊያንቀው ይችላል።

ስድስተኛ፤ የአንገቱን፥ የእጅጌውንና የታችኛውን ጠርዝ አጥፋችሁ ዘምዝሙ። የስፌቱ ጫፍ እንዳይተረተር ክሩን እያዞራችሁ ስፉት እንጂ ደጋግማችሁ አጥፋችሁ አታወፍሩት።

ስለ እሳት መጠንቀቅ

ልጅ ያድጋል ብላችሁ የሌሊቱን ልብስ እጅግ አታስፉት። ሰፊ እጅጌና የሚንዘላዘል ጠርዝ በምድጃው ወይም በኩራዙ በኩል ሲያልፍ ቶሎ በእሳት ይያያዛል። ልብሱ ሳያጣብቅ ለገላው ቀረብ ያለ ይሁን። ምናልባት ልብሱ በእሳት ቢያያዝ ልጁ እንዳይሮጥ ያዙት፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ በማንከባለል ወይም በወፍራም ጋቢ በመጠቅለል እሳቱን አፍኑት፤ ከዚያም የተቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት። ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር ሳትቀቡ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አጠባበቁ

ልጁ ሁልጊዜ ማታ ፊቱን፥ እጁንና እግሩን ታጥቦ የሌሊቱን ልብስ ይልበስ። የቀኑ ልብስ ከመኝታው ርቆ በገመድ ላይ ይሰጣ። በየሳምንቱ አንድ ቀን መርጣችሁ የቤተ ሰቡን ልብስ በሙሉ በሚፈላ ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፤ በሳሙና አጥባችሁም በፀሐይ አስጡ። የከሰል ካውያ ያላችሁ ስፌቱን በደንብ ተኩሱት። ሊቀቀል የማይችለውን ብርድ ልብስ በጆንያ አስራችሁ ሰው ሳይነካው ሁለት ሳምንት አቆዩት። የልጁ ልብስ ብቻ ተቀቅሎ የአባቱ ጋቢ ቢቀር ቅማሉ ተመልሶ ይመጣልና ሥራው የሁሉም ይሁን።

ልጁ ብርቱ ትኩሳት፥ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ከያዘው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳቱ ለቅቆት ከጥቂት ቀን በኋላ ቢመለስበትም ዳነ ብላችሁ አትተዉት። ተስቦም ግርሻም መድኃኒት አላቸው።

ያቺ አሮጊት በመጨረሻ፥ «እንግዲያስ የኔን አሮጌ ነጠላ ቅደዱት» ብለው ከሣጥን አወጡልን። እናንተም ከቤታችሁ የምታወጡት አንድ አሮጌ ነጠላ አይጠፋምና ዛሬውኑ ጀምሩ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ።