ቴኡዳው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሥራው የት አለ?

ልጆቻችን ድረ ገጽ መሥራት ተምረው የመጀመሪያ ሥራ ሲፈልጉ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት

አፉላ ውስጥ በኩፓት ሆሊም የምንሠራ ነርሶች የደም ግፊት ስንለካ የቤት ጉዳይም እንሰማለን። በቅርቡ አንዲት እናት መጡ። ግፊታቸው ከወትሮው ከፍ ብሏል። «እማማ፣ ኪኒኑን አቋረጡ እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ኪኒኑንማ እውጣለሁ፣ የኔ ልጅ። ያሳመመኝ ልጄ ነው። ሠራዊቱን ጨረሰ፣ የኮምፒዩተር ኮርስ ተማረ፣ ቴኡዳ አመጣ። ይኸው ስድስት ወር ቤት ተቀምጧል። ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ ያፈጣል፣ ጠዋት ይተኛል። አባቱ ‹ፋብሪካ ግባ› ይለዋል፤ እሱ በሩን ይዘጋል።»

ይህን የመሰለ ነገር ከእሳቸው ብቻ አይደለም የሰማነው። እኛ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን በሙያው የሚሠሩ ዘመዶቻችንን ጠይቀን፣ ሕጉንም አይተን፣ ለወላጅ የሚጠቅመውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ሥራው ምንድን ነው?

በስልካችሁ ለሐኪም ቶር ስትይዙ የምታዩት ገጽ፣ የምትጫኑት ቁልፍ፣ የሚወጣላችሁ የቀን ሰሌዳ አለ። ይህን የሚታየውን ክፍል የሚሠራው ባለሙያ «ፍሮንት-ኤንድ» ይባላል። በቤት ብንመስለው፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን ሳሎን የሚያሰናዳው እሱ ነው። መረጃው የሚቀመጥበትን ጓዳ የሚሠራው ደግሞ «ባክ-ኤንድ» ይባላል።

ሳሎኑን ለመሥራት ሦስት ነገር ይማራሉ። ኤችቲኤምኤል የቤቱ ምሰሶና ማገር ነው፤ ርዕሱ የት፣ ሥዕሉ የት እንደሚሆን ይወስናል። ሲኤስኤስ ምርጊቱና ቀለሙ ነው። ጃቫስክሪፕት በሩን የሚከፍተውና መብራቱን የሚያበራው ነው፤ ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ነገር የሚሆነው በእሱ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች በዚህ ላይ «ሪአክት» የተባለውን፣ ፌስቡክ በ2013 ለሁሉም የለቀቀውን መሣሪያ ማወቅን ይጠይቃሉ።

ሙያው ወጣት ነው። ድረ ገጽ ለዓለም ክፍት የሆነው በ1991፣ ብዙዎቻችን በዘመቻ ሰሎሞን በመጣንበት ዓመት ነው። ስለዚህ ወላጅ ባያውቀው አያሳፍርም።

ቴኡዳ ብቻውን ለምን አይበቃም?

እኛ ነርሲንግ ስንማር መንገዱ የታወቀ ነበር። ዲግሪ እንይዛለን፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርን የመንግሥት ፈተና እንፈተናለን፣ ፈቃድ እንቀበላለን። ያለዚያ ማንም በነርስነት አያሠራንም፤ ፈቃዱ ካለ ግን ነርስ ይፈለጋል። በድረ ገጽ ሥራ የመንግሥት ፈተናም ፈቃድም የለም። የኮርስ ቴኡዳ ልጁ መማሩን ይናገራል እንጂ መቻሉን አያረጋግጥም። ስለዚህ ቀጣሪው «የሠራኸውን አሳየኝ» ይላል።

ጊዜውም ከብዷል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ትላልቅ የሃይ-ቴክ ኩባንያዎች ብዙ ሠራተኛ ቀንሰዋል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቻትጂፒቲ ወጣ። ድሮ ለጀማሪ ይሰጥ ከነበረው ቀላል ሥራ የተወሰነውን ዛሬ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራዋል። ልምድ ያለው ሰውም ከጀማሪው ጋር ለአንድ ቦታ ይወዳደራል። ስለዚህ ወራት የፈጀ ፍለጋ የስንፍና ምልክት አይደለም።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ፍለጋ ሳይኖር መቀመጥም አለ። ወላጅ ሁለቱን በምን ይለያቸዋል?

በየሳምንቱ የሚታይ ነገር

በትክክል የሚፈልግ ጀማሪ በየሳምንቱ የሚያሳየው አለው። እነዚህን ጠይቁት፦

1. ሁለት ወይም ሦስት የሠራቸው ገጾች። በስልክ የሚከፈቱ፣ የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ኮዱም «ጊትሃብ» በተባለው ቦታ ይቀመጣል፤ ቀጣሪ እዚያ ገብቶ ያየዋል።

2. የአንድ ገጽ ኮሮት ሃይም። የገጾቹ አድራሻ ከላይ ይጻፍበት። ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የወንድም የእህት ብዛት አያስፈልግም።

3. የማመልከቻ ደብተር። የት ላከ? መቼ? ምን መለሱለት? እኛ የታማሚን ግፊት በየቀኑ እንደምንጽፍ እሱም ይጻፍ። አርባ ልኮ አንድም ካልተጠራ ችግሩ ወረቀቱ ወይም ገጾቹ ላይ ሊሆን ይችላል። ተጠርቶ ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚቀር ከሆነ ደግሞ መለማመድ ያለበት ንግግሩን ነው። መድኃኒቱ የሚታወቀው በሽታው ሲለይ ነው።

ከገጾቹ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአንድ ኮርስ ሠላሳ ልጅ ቢማር ሠላሳውም አስተማሪው ያሠራቸውን ያንኑ ካልኩሌተር ያሳያሉ። ቀጣሪው ሰልችቶታል። የእኛ ልጆች ግን ሌላው የሌለው ነገር አላቸው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ ቁጥሩና ነጥቡ ቦታውን ይስታል። ይህን ያስተካከለ ልጅ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው እውነተኛ ነገር አለው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጠቀሙበት በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስላለ፣ በአማርኛ ገጽ ለመሥራት የሚያግደው የለም። ስለ ስግድ በዓል በሁለት ቋንቋ የሚያስረዳ ገጽ፣ ወይም ለአያቱ የኪኒን ሰዓት የሚያስታውስ ገጽ መሥራት ይችላል። ማስጠንቀቂያ ግን አለን፦ የቤተሰቡን እውነተኛ የሕክምና መረጃና የቴኡዳት ዜሁት ቁጥር እዚያ ላይ አያስቀምጥ።

እዚህ ላይ ነው ሽማግሌዎች የምታስፈልጉት። በእስራኤል የድረ ገጾች ተደራሽነት መስፈርት አለ፤ ቁጥሩ 5568 ነው። ዓይኑ የደከመ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ገጹን መጠቀም እንዲችል ያዛል። ቀጣሪዎችም ያውቁታል። ልጃችሁ የሠራውን በስልካችሁ ይክፈትላችሁ፤ እናንተም ፍረዱ፦ ፊደሉ ይነበባል? ቁልፉ በጣት ለመጫን ይመቻል? ቀለሙ ከጽሑፉ ይለያል? ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ሳትጠይቁ ገባችሁ? ካልገባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የገጹ ነው። ለልጁም እንዲህ ያለ እርማት በገንዘብ አይገኝም።

ከአፉላ የሚወስደው መንገድ

ቴል አቪቭ ሩቅ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ከ2016 ጀምሮ ባቡሩ ከአፉላ በዮቅነዓም–ክፋር የሆሹዓ ጣቢያ በኩል ሃይፋ ይደርሳል። ዮቅነዓምም ሃይፋም የሃይ-ቴክ ኩባንያዎች ያሉባቸው ከተሞች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራም የግድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ መሆን የለበትም። ማኅበራት፣ ኮሌጆች፣ ትናንሽ ንግዶች ድረ ገጽ አላቸው። ፕሮግራም በመፈተሽ ወይም ደንበኛን በመርዳት ሥራ ገብቶ ከውስጥ ወደ ድረ ገጽ ሥራ የሚሻገርም አለ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ብዙ ኩባንያዎች ጓደኛውን ላስቀጠረ ሠራተኛ ጉርሻ ይከፍላሉ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በሃይ-ቴክ የምትሠራ ከሆነ «የልጄን ሥራ አይተሽ ትነግሪዋለሽ?» ማለት ልመና አይደለም። የራሳችን ድርጅቶችም አሉ። አሸር ኤልያስ ከመሠረቱት መካከል የሆነበት ቴክ-ካሪየራ በመጀመሪያ በኪቡጽ ናሕሾን፣ በኋላ በሎድ የማኅበረሰባችንን ወጣቶች የኮምፒዩተር ሙያ አስተምሯል። በ2007 የተመሠረተው ኦሊም በያሃድ ዲግሪ ያላቸውን ከቀጣሪዎች ጋር ያገናኛል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ገና ኮርስ የሚመርጥ ልጅ ካላችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንዳንድ ኮርስ በአሥር ሺዎች ሸቀል ይጠይቃል። ወጣቱ የሠራዊት ፒካዶኑን ያወጣል፣ ወላጅም ኦራአት ኬቫ ይፈርማል። ፒካዶን ከሠራዊት ከተለቀቁ በኋላ ለአምስት ዓመት እንደ ትምህርት ላሉ ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ከመፈረም በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

«ሥራ እናስገባለን» የሚለው ቃል በውሉ ላይ ተጽፏል? ወይስ የተጻፈው «እንረዳለን» ብቻ ነው? ካለፈው ክፍል ስንቱ በዚሁ ሙያ ተቀጠረ? ከመካከላቸው ሁለቱን ማነጋገር እንችላለን? ልጁ መሃል ላይ ለሚልዋይም ቢጠራ ምን ይሆናል? ቢያቋርጥ ስንት ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ውሉ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገ ከሆነ፣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በአጠቃላይ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝን ይፈቅዳል። የመሰረዣ ክፍያውም ከዋጋው 5% ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ውሉን ያደረገው ሰው ዕድሜው 65 የሞላ፣ ወይም አምስት ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሐዳሽ፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆነና ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ ጊዜው አራት ወር ነው። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መሰረዝ ይሻላል፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ሕጉ ለሥራ ፈላጊው

የ1988ቱ የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ በትውልድ፣ በሃይማኖት፣ በዕድሜ እና በመሳሰሉት ማዳላትን ይከለክላል። ገና ያልተቀጠረውንም ይጠብቃል። ቀጣሪ የሠራዊት ፕሮፊል መጠየቅ አይችልም። በስሙ ወይም በመልኩ ምክንያት የተገፋ መስሎ ከተሰማው ቀኑን፣ የተባለውንና መልእክቶቹን አስቀምጦ ወደ ሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን ያመልክት።

የቤት ፈተና መስጠት የተለመደ ነው። ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ፈተና ተገቢ ነው። ቀናት የሚፈጅ፣ ለደንበኛ የሚሸጥ ሙሉ ገጽ በነጻ ከጠየቁ ግን ያ ሥራ ነው እንጂ ፈተና አይደለም። የሙከራና የሥልጠና ቀንም ይከፈልበታል። ከተቀጠረ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ በየወሩም ትሉሽ ሊሰጠው ይገባል። ፔንሲያ ለሌለው አዲስ ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ መቆረጥ ይጀምራል፦ ከእሱ 6%፣ ከቀጣሪው 6.5%፣ ለፒጹዪም ደግሞ 6%።

በቤት ውስጥ ምን እንበል?

«ሥራ አገኘህ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ሲጠየቅ ስድብ ይመስላል፤ መልሱን ልጁ ራሱ አያዝዘውምና። «በዚህ ሳምንት ምን ሠራህ? አሳየኝ» የሚለው ግን በእጁ ያለ ነገር ነው። ጊዜም ወስኑለት፦ ለምሳሌ ግማሽ ቀን ቤት የሚረዳ ሥራ ይሥራ፣ ግማሹን ለገጾቹና ለማመልከቻው ይስጥ። ፋብሪካ መግባት ውርደት አይደለም፤ ሙያውን ትቶ መቅረት ነው የሚጎዳው። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከራቀ ግን ጉዳዩ ሥራ ብቻ አይደለምና ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ይምጣ።

እኚያን እናት እንዲሁ መከርናቸው። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ «አሳየኝ አልኩት» አሉን። «ከፈተልኝ። ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቋል! ‹ይኼንን ማን ያነበዋል?› ብዬ ተቆጣሁ። ሳቀና አተለቀው። ከዚያ አባቱንም ጠርቶ አሳየው።»

ልጁ እስካሁን አልተቀጠረም። ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቷል። እናቱም ኪኒናቸውን ይቀጥላሉ። የክፍሉ በር ግን ክፍት ነው።