የዘገየው አውሮፕላንና የጽሞና ጊዜ

ከትምህርቱ በፊት የሚነበብ፦ የሐዋርያት ሥራ 20፥7-16፤ 17፥13-23፤ የማርቆስ ወንጌል 1፥32-38



ባለፈው ክረምት የእርዳታ እህል ከሚታደልበት ወረዳ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ በአንዲት ትንሽ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጬ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ደመናው እስከ ዛፎቹ ጫፍ ወርዶ ማኮብኮቢያው እንኳ አይታይም። ጠዋት በ3 ሰዓት ይነሣል የተባለው አውሮፕላን ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 8 ሰዓት ተላለፈ። በመጨረሻ «ሰማዩ ሲገለጥ እንነግራችኋለን» ተባልን።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማጉረምረም ነው። ቀጥሎ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ፤ ባትሪው አለቀ። የሥራ ሪፖርቴን አውጥቼ አረምሁ፤ እርሱም አለቀ። ከዚያ በኋላ የምሠራው ነገር አጣሁ። ለብዙ ወራት ከሰው፣ ከመኪናና ከወረቀት ተለይቼ አንድ ሰዓት እንኳ ለብቻዬ እንዳልተቀመጥሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነበር።

ዝም ብዬ ስቀመጥ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ከሁለት ቀን በፊት ልጅ አዝላ ወደ ማደያው መጥታ ነበር። ስሟ ከመዝገቡ ስላልተገኘ «ነገ ተመለሺ፤ እናጣራልሻለን» አልኋት። በማግሥቱ ግን ወደ ሌላ ጣቢያ ሄድሁ፤ ጉዳይዋንም ለማንም አላስተላለፍሁም። በሪፖርቴ ላይ የጆንያው ቁጥር ልክ ነበር፤ እርሷ ግን በየትኛውም መስመር ላይ አልነበረችም።

የዚህን ነገር ፍጻሜ በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን የእግዚአብሔር ቃል ለብቻ ስለ መሆንና ስለ መጠበቅ የሚያስተምረንን እንመልከት።

1. ለብቻ መሆን ሁሉ ብቸኝነት አይደለም

ቡና ከጎረቤት ጋር በሚጠጣበት አገር ለብቻው የሚቀመጥ ሰው «ምን ሆነ?» ይባላል። ጌታችን ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ሄዶ ጸለየ። በዋዜማው ምሽት የከተማው ሰው በሽተኞቹን ይዞ በደጅ ተሰብስቦ ነበር። ሥራ ስላልነበረው ገለል አለ ማለት አንችልም። ደቀ መዛሙርቱ ፈልገው ባገኙት ጊዜም ቀጥሎ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር። ብቸኝነት ሰው ማጣት ነው፤ ጽሞና ግን ከአባት ጋር መሆን ነው።

2. ጳውሎስ የመረጠው መንገድ

ሐዋርያው በጢሮአዳ ሰባት ቀን ተቀመጠ። በመጨረሻው ሌሊት እስኪነጋ ድረስ ተናገረ፤ አውጤኪስ የተባለው ጎበዝ ከሦስተኛው ደርብ የወደቀው በዚያ ሌሊት ነበር። በማግሥቱ ባልንጀሮቹ በመርከብ ሲሄዱ ጳውሎስ ግን እስከ አሶን በምድር ለመሄድ ወሰነ (ሐዋ. 20፥13)። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለበዓለ ኀምሳ ኢየሩሳሌም ለመድረስ የሚቸኩል፣ በዚያም እስራት እንደሚቆየው የተነገረው ሰው ነበር። በመንገዱ ላይ ምን እንዳሰበና ምን እንደ ጸለየ ሉቃስ አልጻፈልንም፤ እኛም አንጨምርበትም። ይሁን እንጂ የሚቸኩል አገልጋይም ከባልንጀሮቹ ተለይቶ መጓዝ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

3. ጳውሎስ ያልመረጠው መጠበቅ

በአቴና የሆነው ሌላ ነው። ከቤርያ በተነሣበት ሁከት ምክንያት ወንድሞች በፍጥነት ወደ አቴና አደረሱት፤ በዚያም ሲላስንና ጢሞቴዎስን ይጠብቅ ነበር። ይህ ለእኛ የመጠበቂያ አዳራሽ ቅርብ ነው፤ ጉዞው ተቋርጧል፣ የሚጠብቃቸውም ገና አልደረሱም። እርሱ ግን ከተማይቱን ተመለከተ፤ ጣዖታቱን ባየ ጊዜ መንፈሱ ተነካ፤ ሰዎቹ ለማያውቁት አምላክ የሠሩትንም መሠዊያ አስተዋለ። በአርዮስፋጎስ ላይ የተናገረው ቃል የተነሣው እየጠበቀ ካየው ነገር ነው።

4. በእጃችን ያልሆነ ጊዜ

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በአይስላንድ የፈነዳው እሳተ ገሞራ አመዱን ወደ አውሮፓ ሰማይ በመልቀቁ ለስድስት ቀናት ያህል አብዛኛው በረራ ቆመ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መንገደኞችም ባሉበት ቀሩ። ገንዘብም ሆነ ሥልጣን አመዱን ሊያነሣው አልቻለም። እንዲህ ያለው ቀን ዕቅዳችን በእጃችን እንዳልሆነ ያሳየናል። የዘገየው አውሮፕላን በቁጣችን አይመጣም፤ ቁጣችን የሚያገኘው በጠረጴዛው ኋላ የቆመችውን ሠራተኛ ብቻ ነው።

5. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ. የመነሻውን ሰዓትና የመሳፈሪያውን በር አንድ ጊዜ በትሕትና ጠይቁ፤ ማስታወቂያው በሚሰማበት ስፍራ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳባችሁን አሳርፉ።

ለ. በብዙ ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች የጸሎት ክፍል አለ። በአሜሪካ በቦስተን ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ገና እ.ኤ.አ. በ1951 የጸሎት ቤት ተሠርቶ ነበር። ክፍሉ ከሌለ በመስኮት አጠገብ ያለ ወንበር ይበቃል።

ሐ. ስልኩን ለአንድ ሰዓት ዝጉ። አንድ መዝሙረ ዳዊት ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ያለፈውን ሳምንት ቀን በቀን አስቡ፤ ያመሰገናችሁበትንና ያለፋችሁትን ሰው ጻፉ።

መ. ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ዕረፉ። ሻይ መጠጣት፣ ደመናው ከተራራው ላይ ሲነሣ ማየት፣ በእግዚአብሔር ፊት አንዳች ሳይሠሩ መቀመጥ ስንፍና አይደለም።

ሠ. ልጅ ታቅፋ ሻንጣ የከበዳትን እናት ግን «ጽሞና ላይ ነኝ» ብላችሁ አትለፏት።

የነገሩ ፍጻሜ

በዚያ ቀን ስለዚያች ሴት በጌታ ፊት ንስሐ ገባሁ። ሻይ የምትሸጠው እኅት ስልኬን ቻርጅ አድርጋልኝ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ደወልሁ። «ስሟ ማን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አላውቀውም ነበር። የያዘችው ሕፃን ቀይ ሹራብ እንደ ለበሰ ብቻ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «እንፈልጋታለን» አሉ። በሁለተኛው ቀን አገኟት፤ ተመዘገበችም። በቀጠሯት ቀን መጥታ እስከ ማታ ደጅ ላይ ተቀምጣ እንደ ነበር የሰማሁት ከእርሳቸው ነው።

እኔ በወንበር ላይ፣ ከጣሪያ በታች፣ ሻይ እየጠጣሁ ሰባት ሰዓት ጠበቅሁና አማረርሁ። እርሷ ልጅ አዝላ፣ በባዶ ሆድ፣ እኔን ጠበቀች። አውሮፕላኑ በ10 ሰዓት ሲነሣ በሰዓቱ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ እርሷን አስታውሳት ነበርን? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላስታውሳትም ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ በረራ ሲዘገይ ልቤ እንደ ቀድሞው አይቃጠልም፤ እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱሴን በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከላይ አስቀምጠዋለሁ።

ለግልና ለቡድን ጥናት

1. ሳይታሰብ በዘገያችሁበት ጊዜ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? ለምን?

2. ጳውሎስ በአቴና ሲጠብቅ ያየውን አስቡ። እናንተ በምትጠብቁበት ስፍራ ምን ታያላችሁ?

3. «ነገ ተመለስ» ያላችሁትና የረሳችሁት ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ምን ታደርጉለታላችሁ?

በየማደያው ደጅ ለሚጠብቁትም፣ ለሚያድሉትም ጸልዩ። በመንገዳችሁ ሁሉ ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን።