የሕልም ጨዋታ መጽሐፍ አገማገም

የጨዋታ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ አይነበብም። አንባቢው ጀግናውን ሆኖ ቁጥር በተሰጠው በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ መንገድ ይመርጣል፤ ጠላት ሲገጥመው ዳይስ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የሮቢን ዋተርፊልድ «ፋንተምስ ኦፍ ፊር» ለግምገማ ልምምድ ይመቻል። «ፋይቲንግ ፋንታሲ» ከተባለው ተከታታይ 28ኛው ሲሆን ጀግናው በእውንና በሕልም ዓለም መካከል ይመላለሳል። ሥዕሎቹን የሠራው ኢያን ሚለር ነው።

መጀመሪያ ገምጋሚው ሕጉን ጠብቆ ይጫወታል። የቀድሞው ገጽ ላይ ጣቱን ሰክቶ፣ ሲሸነፍ ወደ ኋላ መመለስ አይፈቀድለትም፤ ሽንፈቱም የግምገማው አካል ነውና።

በሁለተኛው ዙር ደብተር ይዞ የቁጥሮቹን ካርታ ይስላል፦ የእውኑን መንገድ በአንድ ቀለም፣ የሕልሙን በሌላ። ሁለቱ የት እንደሚገናኙ ያኔ ይታያል።

ከዚያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ሕልሙ የአንባቢውን ውሳኔ ይለውጣል ወይስ ማስዋቢያ ብቻ ነው? በሕልም ዓለም ያልተጠበቀ ነገር መከሰቱ ደግ ነው። ግን ግራ የዞረ ሁሉ ያለ አንዳች ፍንጭ የሚሞት ከሆነ፣ «ሕልም ነው» የሚለው ሰበብ ደራሲውን አያድነውም።

ሥዕሉ ጊዜ ተሰጥቶት ለብቻው ይታይ። እዚህ ላይ እብናት ወይም ደብረ ታቦር ያለ ገምጋሚ የሚንተራሰው ቅርስ አለው። በሰሜኑ ደጋ ደብተራዎች በብራና ክታብ ላይ የሚስሉት ጠልሰም ለጌጥ አልተሠራም፤ አፍጥጠው የሚያዩት ዓይኖች ጋኔን እንዲያባርሩ፣ በሽተኛውን እንዲፈውሱ ይታመናል። ብዙ ጊዜ የክታቡ ርዝመት እንኳ በባለቤቱ ቁመት ይለካል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ከዚህ ቅርስ ቀድቶ በሸራው ላይ ሕልም መሰል ዓለም ፈጥሯል። ስለዚህ ገምጋሚው «ያምራል?» ከማለቱ በፊት «ይህ ሥዕል ምን ይሠራል?» ይበል። የሚለር ብዕር በቀጫጭን መስመር የተጨናነቀ፣ ዛፉም ፍጡሩም የሾለ ነው። ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ ለቅዠት የሚስማማውም ይኸው ነው። በጽሑፉ ያልተነገረ አደጋ በሥዕሉ ጥግ ከታየ መመዝገብ አለበት፤ ሥዕሉ የምርጫው ክፍል ሆኗልና።

ሲጻፍ መፍትሔው ይሸሸግ። አንድ የመንታ መንገድ ምሳሌ ከመጽሐፉ መግቢያ አካባቢ ይበቃል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በመሆኑ የቋንቋው ክብደትና ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ይገለጽ፤ አስፈሪ ሥዕል ካለም ወላጅ አስቀድሞ እንዲያውቀው ይጠቀስ።