ከባት የተነሣ የረጋ ደም፦ ምክንያትንና ውጤትን ማስረዳት

ምክንያትንና ውጤትን በሚያስረዳ ድርሰት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ሊገኙ ይገባል፤ እነርሱም መነሻው፣ መነሻው ወደ ውጤቱ የሚደርስበት መንገድና ውጤቱ ናቸው። ከሦስቱ መካከለኛው ቢጎድል አንባቢው «ይህ ከዚያ እንዴት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሚከተለውን ምንባብ ይህን እያስተዋላችሁ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

ደም የመርጋት ጠባይ ባይኖረው ኖሮ ትንሽ ቁስል እንኳ ለሞት ባበቃን ነበር። ሆኖም ደም ያለ ቦታው፣ ቁስል በሌለበት የደም ሥር ውስጥ የረጋ እንደ ሆነ፣ ሕይወትን የሚጠብቀው ጠባይ ሕይወትን የሚያጠፋ ይሆናል።

ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋባቸው ምክንያቶች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም የደም ዝውውር መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ የራሱ ለመርጋት ማዘንበል ናቸው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ እግራቸው ተሰብሮ ለብዙ ቀን የተኙ፣ በካንሰር የታመሙ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከሌላው ሰው ይልቅ ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው።

አብዛኛውን ጊዜ ደሙ የሚረጋው በባትና በጭን ውስጥ በሚገኙ ጥልቅ ደም መልሶች ነው። ከዚያ ተላቆ ሲነሣ ወደ ልብ የሚወስደው መንገድ፣ ገባሮች እየተቀላቀሉት እንደሚሄድ ወንዝ፣ እየሰፋ ስለሚሄድ የሚያግደው የለም። የልብን ቀኝ ክፍል አልፎ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን ደም ቅዳዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ ስለሚሄዱ ከአንዱ ላይ ይወተፋል። በዚህም ሳቢያ ከዚያ ወዲያ ያለው የሳንባ ክፍል ደም ያጣል፤ በሰውነት ውስጥ ያለው ኦክስጂን ይቀንሳል፤ ሕመምተኛው በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲተነፍስ ደረቱን ይወጋዋል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሳሉ ጋር ደም ይወጣል። የረጋው ደም ትልቅ ከሆነ የልብ ቀኝ ክፍል ደም የመግፋት ኃይሉ ይደክምና ሰውየው ወዲያው ሊሞት ይችላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ብዙ ሰዎች ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል ቦምብ ሳይነካቸው በድንገት የሞቱ ተገኙ። ኪት ሲምፕሰን የተባለው ሐኪም አስከሬን መርምሮ፣ የገደላቸው ከእግር ተነሥቶ ሳንባን የዘጋ የረጋ ደም መሆኑን በዚያው ዓመት ጽፎ አስታወቀ።

እንግዲህ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም ቸል ማለት አይገባም። ያበጠውን ማሸትም አይገባም፤ የረጋው ደም ሊላቀቅ ይችላልና። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪም የሚያዛቸው እንደ ሄፓሪንና ዋርፋሪን ያሉ መድኃኒቶች የረጋው ደም እንዳያድግ ይከላከላሉ፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

ለ. ማብራሪያ

1. «ና» ሁለት ስሞችን ሲያያዝ (በባትና በጭን) ማጣመሩን ያሳያል። በማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ሲገባ (ሊላቀቅ ይችላልና) ግን ምክንያትን ይገልጻል።

2. «በኋላ»ን በ«ስለ» ቦታ አታግቡ። «ሰዎቹ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሞቱ» ማለት ቅደም ተከተልን ብቻ ይናገራል። «ለረጅም ሰዓት ስለ ተቀመጡ ደማቸው ረጋ» ማለት ግን ምክንያትን ይናገራል፤ ይህንንም ለማለት እንደ ሐኪሙ መርምሮ ማረጋገጥ ያሻል።

ሐ. መልመጃ

1. የረጋው ደም ወደ ልብ ሲሄድ ሳይታገድ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚወተፈው ለምንድን ነው?

2. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን ወይም ውጤትን የሚያመለክቱ አራት ቃላትን ወይም ሐረጎችን አውጥታችሁ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

3. «ተላቆ»፣ «ይወተፋል»፣ «ቸል ማለት» የሚሉትን በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት አብራሩ።

4. እግሩ አብጦ «ይታሽልኝ» ለሚል ጎረቤት ምክንያቱን፣ መንገዱንና ውጤቱን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።