ቀጣዩ ፕሌይስቴሽን ዲስክ ያነባል ወይ?

ስለ ፕሌይስቴሽን 6 ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነትና ስለ ምስል ጥራት ነው። እኔ ግን የንፋስ መውጫ ልጅ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፤ ዲስክ ያነባል ወይስ አያነብም?

ለምን ቢባል፣ ከታሪኩ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የፊተኛውን ዲስኮች ያነብ ነበር፤ የዲቪዲ ፊልምም ያሳይ ነበር። ከ160 ሚሊዮን በላይ እንዲሸጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲመጣ ግን ዲስክ ማንበቢያ የሌለው ዓይነትም አብሮ ወጣ። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ጭራሽ ማንበቢያው ለብቻ የሚገዛ ሆነ፤ የማሽኑም ዋጋ በአሜሪካ 700 ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ እኛን በምን ይነካናል? እንደኛ ባለ ከተማ አብዛኛው ተማሪ ማሽን ገዝቶ ሳይሆን ጌም ቤት ገብቶ በጨዋታ እየከፈለ ነው የሚጫወተው። በዲስክ የሚሠራ ጌም ቤት አንዱን ዲስክ ሲሰለች ይለውጠዋል፣ ይሸጠዋል። ዲስክ ከቀረ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ አንዳንዴ ከ50 ጊጋባይት የሚበልጥ ጌም በኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይሆናል። በዚያ ላይ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል።

ስለዚህ አዲስ ወሬ ስንሰማ «ስንት እጥፍ ይፈጥናል?» ከማለታችን በፊት «የድሮውን ዲስክ ይቀበላል? ማንበቢያውስ አብሮ ይሸጣል?» እንበል። መልሱ «አይ» ከሆነ፣ እኔ የጌም ቤት ባለቤት ብሆን የያዝኩትን ማሽን ለመሸጥ አልቸኩልም።