ማደሪያ ላጡ ሰዎች ቤት ለማስገኘት የአውራጃ አስተዳደር ከመንግሥት ገንዘብ የሚጠይቅበት ሥርዓት

በፌዴራሲዮን በሚተዳደር አገር የመንግሥት ሥራ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነው። ከላይ የማዕከላዊው መንግሥት፣ በመካከል የየክፍሉ ግዛት መንግሥት፣ ከታች ደግሞ ከሕዝቡ ጋር ዕለት ዕለት ፊት ለፊት የሚገናኘው የአውራጃና የከተማ አስተዳደር ይገኛል። የሕዝቡ ችግር የሚታየው ከታች ሲሆን፣ ገንዘቡ በብዛት የሚሰበሰበው ከላይ ነው። ከዚህ የተነሣ የታችኛው አስተዳደር ችግሩን ቈጥሮና ዘርዝሮ ማመልከት፣ የላይኛውም መርምሮ መስጠትና የሰጠውን መቈጣጠር ግዴታቸው ይሆናል። ይህ ግንኙነት መልካም ሲሆን የሚጠቀመው፣ ሲበላሽም የሚጐዳው ድኻው ነው።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን በአሜሪካ ፌዴራሲዮን ውስጥ ካሉት ግዛቶች በሕዝብ ብዛት አንደኛ የሆነችው ካሊፎርንያ ተመርጣለች። ካሊፎርንያ ካውንቲ በሚባሉ 58 አውራጃዎች የተከፈለች ስትሆን፣ በሀብት ከታወቁት ግዛቶች አንዷ ሆና ሳለች በመንገድ ዳር የሚያድረው ሕዝቧ እጅግ የበዛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

1ኛ/ የችግሩ ስፋትና መነሻው

በአሜሪካ አገር ማደሪያ የሌላቸው ሰዎች የሚቈጠሩት በጥር ወር መጨረሻ አሥር ቀኖች ውስጥ በሚመረጥ አንድ ሌሊት ነው። የአስተዳደሩ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች መብራት ይዘው በየመንገዱ፣ በየድልድዩ ሥርና በየመጠለያው እየዞሩ ይቈጥራሉ። በ2024 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በመላው አሜሪካ 771,480 ሰዎች ማደሪያ እንደሌላቸው ሲታወቅ፣ ከእነዚህ ውስጥ 187,084 የሚሆኑት በካሊፎርንያ የተገኙ ናቸው። ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ የሚሆኑት መጠለያ እንኳ ሳያገኙ በድንኳን፣ በመኪና ውስጥ ወይም በባዶ ሜዳ ያደሩ ነበሩ።

ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ የተሳሳተ አስተያየት ሲነገር ይሰማል። አንዳንዱ ከሩቅ አገር ለዕርዳታ ሲሉ የመጡ ናቸው ይላል፤ ሌላውም ሥራ ጠልተው መንገዱን የመረጡ ናቸው ይላል። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዓ.ም. የገለጸው ጥናት ግን ሌላውን ያስረዳል። ወደ 3,200 ከሚጠጉ ሰዎች ተጠይቆ እንደ ተገኘው፣ ከመቶ 90ው ቤታቸውን ያጡት በዚያችው በካሊፎርንያ ሳሉ ነው፤ ከአራቱም ሦስቱ የሚኖሩት ቤታቸውን ባጡበት አውራጃ ነው። ወደ መንገድ ከመውደቃቸው በፊት በነበሩት ስድስት ወራት የቤተ ሰባቸው ገቢ በመካከለኛው ልክ በወር 960 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ በካሊፎርንያ ከተሞች ቤት ተከራይቶ መኖር የማይቻል ነገር ነው። በስማቸው ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት በመካከለኛው ልክ የ10 ቀን፣ በሰው ቤት ተጠግተው የነበሩት ደግሞ የ1 ቀን ማስታወቂያ ብቻ አግኝተው ወጡ።

እንግዲህ ዋናው የችግሩ ምክንያት የኪራይ መወደድና የገቢ ማነስ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሽታና ሱስ በብዙዎቹ ላይ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ቤት ርካሽ በሆነበት ግዛት የሚኖር በሽተኛ ድኻም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ አያጣም።

2ኛ/ አውራጃው ስለ ምን ይጠይቃል

በካሊፎርንያ ሕግ መሠረት ሌላ ረዳት የሌለውን ድኻና አቅመ ቢስ የመርዳት ኃላፊነት የተጣለው በአውራጃው ላይ ነው። ይሁን እንጂ የአውራጃው ዋና ገቢ የነበረው የቤትና የመሬት ግብር በ1978 ዓ.ም. ሕዝቡ በድምፅ በወሰነው ደንብ ምክንያት ከንብረቱ ዋጋ ከመቶ 1 እንዳይበልጥ ተገደበ፤ ለግብር የሚገመተውም ዋጋ ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከመቶ 2 በላይ እንዳያድግ ተከለከለ። ስለዚህ ኃላፊነቱ ከአውራጃው ሳይነሣ የገንዘቡ ምንጭ ጠበበ።

አንዳንዶቹ አውራጃዎች በራሳቸው ኃይል መፍትሔ ፈልገዋል። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሕዝብ በ2017 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ የሚውል የሩብ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ በገዛ ፈቃዱ በራሱ ላይ ጣለ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ታክሱ በእያንዳንዱ ዶላር ግማሽ ሳንቲም እንዲሆን ወሰነ። ብዙ ነጋዴና ብዙ ገበያ የሌላቸው ትንንሽ አውራጃዎች ግን እንዲህ ያለውን ለማድረግ አይችሉም። የእነርሱ ተስፋ የግዛቱ መንግሥት ነው።

3ኛ/ የአሰጣጡ ሥርዓት

የካሊፎርንያ መንግሥት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ለቤት፣ ለዕርዳታና ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ለመከላከል የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ አቋቋመ። በመጀመሪያው ዙር 650 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ገንዘቡም ለሦስት ወገኖች ተከፈለ፤ ይኸውም የሕዝባቸው ቍጥር ከ300,000 ለሚበልጥ ትላልቅ ከተሞች፣ ለአውራጃዎችና የዕርዳታ ድርጅቶችን በየአካባቢው አስተባብረው ለሚመሩ ጉባኤዎች ነው። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ የሚወሰነው በዚያች በጥር ሌሊት በተቈጠሩት ሰዎች ብዛት ነው። ስለዚህ ቈጠራውን በቸልታ ያካሄደ አውራጃ የገዛ ሕዝቡን ድርሻ ያስቀራል ማለት ነው። ከተሰጠውም ገንዘብ ለጽሕፈት ቤት ሥራ ከመቶ 7 በላይ ማውጣት አይፈቀድም።

ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ድጋፉ በየዙሩ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አለ፤ ከዚያም ጋር የጠያቂው ግዴታ ከበደ። አመልካቹ ምን ያህል ሰው ማደሪያ እንደሌለው፣ ያለው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል፣ በተወሰነ ጊዜም ምን ያህል ሰው ወደ ቋሚ ቤት እንደሚያስገባ በቍጥር ጽፎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ከአምስተኛውም ዙር ወዲህ በአንድ አካባቢ ያሉ አውራጃ፣ ከተማና ጉባኤ ማን ምን እንደሚሠራ በውል ተስማምተው አንድ የጋራ ዕቅድ ማቅረብ አለባቸው። ይህም የታዘዘው ከተማው በአውራጃው፣ አውራጃውም በከተማው እያመካኘ ሥራው በመካከል እንዳይቀር ነው።

4ኛ/ በ2022 ዓ.ም. የተነሣው ክርክር

በኅዳር ወር 2022 ዓ.ም. አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም የሦስተኛው ዙር ገንዘብ እንዲቈይ አዘዙ። ምክንያታቸውም አውራጃዎቹና ከተሞቹ ያቀረቧቸው ዕቅዶች በአንድነት ሲደመሩ እስከ 2024 ዓ.ም. ድረስ ማደሪያ የሌላቸውን ሰዎች ቍጥር ከመቶ 2 ብቻ የሚቀንሱ ሆነው በመገኘታቸው ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶ ይህን የመሰለ ትንሽ ውጤት ሊጠበቅ አይገባም ሲሉ አስታወቁ።

የአካባቢው ሹማምንት የሰጡት መልስም ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ገንዘቡ የሚሰጠው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነና የሚቀጥለው ዓመት ባጀት ስለማይታወቅ፣ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሚያገለግል ቤት ማሰናዳትና ሠራተኛ መቅጠር እንደማይቻላቸው ተናገሩ። ከዚህም በቀር አንድ ሰው ከመንገድ ሲነሣ ሌላው ኪራይ መክፈል አቅቶት በፋንታው ስለሚወጣ፣ ቍጥሩ ባለበት እንዲቈም ማድረግ ራሱ ብዙ ድካም የሚጠይቅ መሆኑን አስረዱ።

በዚያው በኅዳር ወር አገረ ገዥውና የአካባቢው ሹማምንት ተገናኝተው ከተነጋገሩ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ዙር የበለጠ ግብ እንዲያቀርቡ በመስማማት ገንዘቡ ተለቀቀ። በመጋቢት 2023 ዓ.ም. ደግሞ በመንገድ የሚያድረው ሕዝብ እስከ 2025 ዓ.ም. ከመቶ 15 እንዲቀንስ የሚል የጋራ ዓላማ ተነገረ። ከዚህ ክርክር የምንረዳው ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደ ነበራቸው ነው። ውጤቱን በቍጥር ለማመልከት የማይደፍር ጠያቂ ገንዘብ ሊሰጠው አይገባም፤ ለነገ ምን እንደሚሰጥ የማይናገር ሰጪም ታላቅ ሥራ ሊጠብቅ አይገባውም።

5ኛ/ ሆቴሎች ወደ መኖሪያ ቤት ስለ መለወጣቸው

በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ተጓዥ ስለ ጠፋ ብዙ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ። በመጠለያ ተጨናንቀው የሚያድሩት ሰዎች ደግሞ ለበሽታው የተጋለጡ ነበሩ። የካሊፎርንያ መንግሥት ሁለቱን ችግሮች አንዱን በአንዱ ሊፈታ አሰበ፤ መጀመሪያ ክፍሎቹን ተከራየ፤ ቀጥሎም አውራጃዎችና ከተሞች ሆቴሎችን ገዝተው ወደ መኖሪያ እንዲለውጡ ገንዘብ ሰጠ። ከፌዴራሉ መንግሥት የመጣው ገንዘብ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ድረስ ሥራ ላይ መዋል ስለ ነበረበት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 94 የሚሆኑ የሥራ ዕቅዶች ተፈጽመው ወደ 6,000 የሚጠጉ ክፍሎች ተገኙ።

የግዛቱ ዋና ኦዲተር በኋላ እንዳረጋገጠው፣ በዚህ አኳኋን የተገኘ አንድ ክፍል በመካከለኛው ልክ 144,000 ዶላር ሲፈጅ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ግን ከ380,000 እስከ 570,000 ዶላር የሚያስወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ሕንፃ መግዛት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ዘበኛ፣ ጽዳት፣ ጥገና፣ ሐኪምና ነዋሪውን የሚረዳ ሠራተኛ በየዓመቱ ወጪ ይጠይቃሉ። አስተዋይ አስተዳደር ለግዢው ሲያመለክት የዓመቱን መተዳደሪያ ከየት እንደሚያገኝ አብሮ ያመለክታል።

6ኛ/ የሒሳብ ምርመራና ከዚያ ወዲህ የሆነው

«ያልተገላበጠ ያራል» እንደሚባለው፣ ገንዘብም ካልተመረመረ ይባክናል። ዋናው ኦዲተር በሚያዝያ ወር 2024 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ መንግሥቱ በአምስት የባጀት ዓመቶች ውስጥ ወደ 24 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በ9 መሥሪያ ቤቶች በኩል ከ30 ለማያንሱ ሥራዎች ማውጣቱን፣ ነገር ግን ያስገኘውን ውጤት በሚገባ ተከታትሎ አለመመዝገቡን ገለጠ። ከተመረመሩት አምስት ሥራዎች ዋጋቸውን ያወጡ መስለው የታዩት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ ከላይ የተነገረው የሆቴሎች ግዢ ነው። ለአውራጃዎች በየዙሩ የተሰጠው ድጋፍ ግን በቂ መዝገብ ስላልተገኘለት ጠቅሟል ወይም አልጠቀመም ብሎ ለመፍረድ አልተቻለም።

የመዝገብ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በኋላ ታየ። በ2025 ዓ.ም. የጸደቀው የግዛቱ ባጀት ለዚሁ ድጋፍ በዚያ ዓመት አዲስ ገንዘብ ሳይመድብ ቀረ፤ ለሚቀጥለው የባጀት ዓመትም የታሰበው ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው ግማሽ፣ ማለት 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የባጀት ጉድለት ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ ጥቅሙን በማስረጃ ያላረጋገጠ ሥራ በችግር ቀን ተከራካሪ አያገኝም። የሚያሳዝነውም ይህ የሆነው ሥራው ፍሬ ማሳየት በጀመረበት ጊዜ መሆኑ ነው። በሎስ አንጀለስ አውራጃ በ2023 ዓ.ም. 75,518 የነበረው ቍጥር በ2024 ዓ.ም. 75,312፣ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ 72,308 ሆኖ ተገኝቶ ነበር።

7ኛ/ ለአስተዳደር ሠራተኞች የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሁሉ በየትኛውም አገር ላለ አስተዳደር የሚጠቅሙ አራት ነገሮች ይገኛሉ።

ሀ/ አስቀድሞ መቍጠር። ያልተቈጠረ ድኻ በባጀት ውስጥ ስፍራ የለውም። ቈጠራው በስም፣ በዕድሜና በችግሩ ምክንያት የተለየ ሲሆን ዕርዳታው ለሚገባው ይደርሳል።

ለ/ አስቀድሞ መከላከል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ይስማማል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ 70ው፣ በወር ከ300 እስከ 500 ዶላር የኪራይ መደጐሚያ ቢያገኙ ኖሮ ከቤታቸው ባልወጡ እንደ ነበር ገልጸዋል። ሰውን በቤቱ ማቈየት ከመንገድ አንሥቶ እንደገና ከማቋቋም በብዙ ይቀላል።

ሐ/ አስቀድሞ ቤት መስጠት። ካሊፎርንያ በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በግዛቱ ገንዘብ የሚሠሩ የቤት ዕርዳታዎች ሰውየው ሱሱን እስኪተው ወይም እስኪታከም ድረስ ደጅ እንዳያስጠኑት አዘዘች። በር የሚዘጋበት ክፍል ያገኘ ሰው መድኃኒቱን በጊዜው ለመውሰድና ሥራ ለመፈለግ ይቻለዋል፤ ዛሬ የት አድራለሁ እያለ የሚጨነቅ ግን ለሌላ ነገር አሳብ የለውም።

መ/ ሒሳቡን ግልጥ አድርጎ ማሳየት። ይህን ያህል ተቀበልን፣ ይህን ያህል ሰው ቤት ገባ፣ ከዓመት በኋላም ይህን ያህሉ በቤቱ ጸንቶ ተገኘ ብሎ መናገር የሚችል አስተዳደር በሚቀጥለው ዓመት ሲያመለክት ቃሉ ይታመናል።

የአውራጃ ሹም ለመንግሥት የሚጽፈው ማመልከቻ ተራ ወረቀት መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በዚያ ወረቀት ላይ በተጻፈው እያንዳንዱ ቍጥር ውስጥ በድልድይ ሥር የሚያድር አንድ ሰው አለ። ቍጥሩ በጥንቃቄ የተጻፈ እንደ ሆነ ያ ሰው ወደ ቤት ይገባል፤ በቸልታ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን የሚመጣውንም የጥር ሌሊት በዚያው በድልድዩ ሥር ያድራል።