የጦር ወንጀለኛ ወደ ፍርድ ስለ መቅረቡ

በጦርነት ጊዜ ንጹሓንን የፈጀ ሰው በተገኘበት ይገደል ወይስ ወደ ፍርድ ይቅረብ? ይህ ጥያቄ፥ ሰው የማይሳፈርባቸው አውሮፕላኖች ከሩቅ ለይተው በሚገድሉበት በዛሬው ዘመን፥ ካህንም ምእመንም ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ሁሉን የሚያውቅ እግዚአብሔር ቃየልን ከመቅጣቱ በፊት ወንድሙ የት እንዳለ ጠየቀው። የጠየቀው ለማወቅ አልነበረም፤ የተከሳሹ ቃል ሳይሰማ ፍርድ እንዳይሰጥ ሥርዐትን ሊያስተምረን ነው እንጂ። ሁሉን የማናውቅ እኛማ ሳንጠይቅ እንዴት እንፈርዳለን?

ናዚዎች በተሸነፉ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ዋና ዋናዎቹ መሪዎች ያለ ክርክር በጥይት ይደብደቡ የሚል አሳብ ነበረው። የፍርዱ አሳብ ግን አሸንፎ በ1938 ዓ.ም. በኑረምበርግ ችሎት ተቀመጠ። በመስከረም 1939 ዓ.ም. ከተከሰሱት 22 ሰዎች 12ቱ ሞት፥ 7ቱ እስራት ሲፈረድባቸው 3ቱ በነጻ ተለቀቁ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የእነዚህ የ3ቱ ነገር ነው፤ ጥይት እንዲህ ያለውን ልዩነት አያውቅምና። ደግሞም ገዳዮቹ ራሳቸው የጻፉት ደብዳቤና መዝገብ በአደባባይ ስለ ተነበበ ለልጅ ልጅ ምስክር ሆኖ ቀርቷል።

አንባቢ ሆይ፥ «እንኪያስ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉትን አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን ልትነቅፍ ነውን?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ያን ጊዜ ግራዚያኒ ሠራዊቱን አሰልፎ አገር የያዘ ጠላት ነበር፤ እርሱን የሚከሱበት ዳኛም በምድሪቱ አልነበረም። በጦር ላይ ያለ አዛዥ ሌላ፥ እጁ የተያዘ ወይም ሊያዝ የሚችል ሰው ሌላ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ተይዞ ሳለ ኢትዮጵያ ፍርድ ጠየቀች። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮንም በ1940 ዓ.ም. እርሱንና ባዶሊዮን ሊከሰሱ ከሚገባቸው ጋር ቈጠራቸው። ሆኖም ለኢትዮጵያ ዳኞች አልተሰጠም። በ1942 ዓ.ም. የኢጣልያ የጦር ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ያውም ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ እንጂ ስለ ኢትዮጵያውያን ደም አልነበረም፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ።

«እንዲህ ከሆነስ መግደሉ በተሻለ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ቢገደልም ቢፈታም የጐደለው ነገር ያው ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ሰበብ የተረሸኑት መነኰሳትና ሌሎች፥ ራሱ ወደ ሮማ በላካቸው ቴሌግራሞች ቢደመሩ 449 ናቸው፤ በኋላ ዘመን የመረመሩት ግን ከዚህ እጅግ እንደሚበዙ አመልክተዋል። ግድያውን ያዩት በሕይወት ሳሉ በመሐላ ጠይቆ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ የሚያስጽፍ ዳኛ በፊታቸው አልተቀመጠም።